ለጨቅላዎቹም ይምሽላቸው

የእህቴ ልጅ በሰባት ወሯ ነው የተወለደችው። 1,350 ግራም ነበረች። ወዲያው «ሙቀት ክፍል» ገባች። እናቶች የጨቅላ ሕፃናት ጽኑ ሕክምና ክፍልን የሚጠሩት እንዲህ ነው። አንድ ሌሊት ለእህቴ አጥሚት ይዤ ሄድኩ። ከሌሊቱ 8 ሰዓት ነበር። ኮሪደሩ ላይ አስታማሚዎች ጋቢ ተከናንበው ተኝተዋል። የክፍሉ በር ሲከፈት ግን ብርሃኑ ዓይኔን አስጨፈነኝ። ጣሪያው ላይ ያሉት ስምንት መብራቶች በሙሉ በርተዋል። ከእኩለ ቀን ምንም አይለይም።

እህቴ ነጠላዋን አወለቀችና ማሞቂያው ሳጥን ላይ ጣል አደረገችው። ተረኛዋ ሲስተር መጥታ ቀስ ብላ አነሳችው።

«እማዬ፣ ልጅሽን ካላየኋት እንዴት ልጠብቅልሽ?»

«ሲስተር፣ ብርሃኑ እንቅልፍ ነሳት እኮ። ፊቷን ስታጨማድድ ተመልከቻት።»

ሲስተሯ ጎንበስ ብላ አየቻት። ነጠላውን ሁለት ሦስት ጊዜ አጠፈችውና በልጅቷ ራስጌ በኩል ብቻ አኖረችው። ደረቷና እግሯ እንደታየ ቀረ። ትንሽ ቆይቶ የልጅቷ ፊት ተፈታ።

ሁለቱም ልክ ነበሩ። ከዚያ ሌሊት በኋላ ስለዚህ ጉዳይ ያገኘሁትን ሁሉ ማንበብ ጀመርኩ። አሁን አንድ ነገር ለማለት ነው የምጽፈው። በጠና የታመሙ ጨቅላዎች የሚተኙበት ክፍል ሊመሽና ሊነጋ ይገባል። ማታ መብራቱ ይቀነስ፣ ጠዋት ይብራ። ክብደታቸውን የሚነካ ጉዳይ ነው።

ሜታቦሊዝም የሚባለው ሰውነት ያገኘውን ምግብ ወደ ጉልበት፣ ወደ ሙቀትና ወደ ሥጋ የሚቀይርበት ሥራ ነው። ያለ ጊዜው የተወለደ ልጅ እዚህ ላይ እጅግ የጠበበ ሂሳብ ነው ያለው። በቀን ለእያንዳንዱ ኪሎ ክብደቱ ከ110 እስከ 135 ኪሎካሎሪ ያስፈልገዋል። 60 ኪሎ የሚመዝን ሰው በዚህ ስሌት ይብላ ቢባል በቀን ቢያንስ 6,600 ኪሎካሎሪ መብላት አለበት። የአዋቂ ሰው ቀለብ ግን ከ2,000 እስከ 2,500 አካባቢ ነው። ልጁ ይህን ሁሉ የሚያገኘው በአፍንጫው በገባ ቀጭን ቱቦ ነው፤ በሚሊሊትር እየተለካ። ከቆዳው ሥር ስብ የለም። ጉበቱ ያስቀመጠው ስኳር ጥቂት ነው። ሲደነግጥ፣ ሲያለቅስ፣ ሲንፈራገጥ የሚያወጣው ጉልበት ከማደጊያው ላይ ይቀነስበታል። ሲተኛ ወጪው ይቀንሳል። ለዚህ ልጅ እንቅልፍ ማለት ግራም ማለት ነው።

ነገሩ በእንቅልፍ ብቻ አያበቃም። አንጎላችን ውስጥ፣ የሁለቱ ዓይኖች ነርቮች ከሚሻገሩበት ከፍ ብሎ፣ ከሩዝ ፍሬ የማይበልጥ ቦታ አለ። 20,000 ገደማ ሕዋሳት ናቸው። የሰውነት ዋና ሰዓት ይህ ነው። ጉበትም፣ ቆሽትም፣ ስብም የየራሳቸው ሰዓት አላቸው፤ ዋናው ያስማማቸዋል። መቼ ስኳር ይለቀቅ፣ መቼ ይቀመጥ፣ መቼ ሙቀት ከፍ ይበል የሚለው በዚህ ይመራል። ጄፍሪ ሆል፣ ማይክል ሮስባሽና ማይክል ያንግ የዚህን ሰዓት አሠራር በዝንብ ላይ ፈልፍለው በማውጣታቸው እ.ኤ.አ. በ2017 የኖቤል ሽልማት ተሸልመዋል። ለዓመታት በሌሊት ፈረቃ የሚሠሩ ሰዎች ላይ የስኳር በሽታ የሚበዛውም በከፊል ይህ ሰዓት ስለሚዛባ ነው ተብሎ ይታሰባል።

ሰዓቱን የሚያስተካክለው ብርሃን ነው። ዓይናችን ውስጥ ነገር ለማየት ሳይሆን ቀንና ሌሊትን ለመለየት የተሰማሩ ሕዋሳት አሉ። የብራውን ዩኒቨርሲቲው ዴቪድ በርሰን እ.ኤ.አ. በ2002 ነው ያሳየን። እነዚህ ሕዋሳት ከሁሉ በላይ የሚነቁት ለሰማያዊ ብርሃን ነው።

ማሕፀን ውስጥ ያለ ልጅ ግን ይህ ሁሉ አያሳስበውም። የእናቱ ሰዓት ይበቃዋል። ሲመሽ ሰውነቷ የሚያመነጨው ሜላቶኒን የተባለ የሌሊት ሆርሞን እንግዴ ልጁን አልፎ ይደርሰዋል። ሙቀቷ፣ ምግቧ፣ እንቅስቃሴዋ ሁሉ «አሁን መሽቷል፣ አሁን ነግቷል» ይሉታል። በሰባት ወሩ ሲወለድ ያ መልእክት በአንድ ቀን ይቋረጥበታል። የራሱ ሰዓት ደግሞ ገና ነው። ዘጠኝ ወሩን ጨርሶ የተወለደ ልጅ እንኳን የራሱን የሜላቶኒን ዑደት የሚይዘው በሁለት ሦስት ወሩ ነው። እንግዲህ ይህን ልጅ ነው ሌት ተቀን የማይጠፋ መብራት ሥር የምናስተኛው። የዓይኑ ቆብ ስስ ነው። የዓይኑ ብሌን ብርሃን ሲበዛበት መጥበብ የሚጀምረው ከ30ኛው የእርግዝና ሳምንት ወዲህ ነው። ፊቱን ማዞር እንኳን አይችልም።

ከጥናቶቹ ሁሉ የገረመኝ አንጋፋው ነው። እንግሊዝ ውስጥ እ.ኤ.አ. በ1986 የታተመ ነው። 41 ያለ ጊዜያቸው የተወለዱ ጤነኛ ሕፃናትን ለሁለት ከፈሏቸው። ገሚሶቹ ማታ መብራትና ድምፅ በሚቀነስበት ክፍል፣ ሌሎቹ ቀንና ሌሊት በማይለይበት ክፍል ተኙ። ሆስፒታል ሳሉ ይህ ነው የሚባል ልዩነት አልታየም። ልዩነቱ የመጣው ቤት ከገቡ በኋላ ነው። መወለድ ከነበረባቸው ቀን ሦስት ወር ሲያልፍ፣ ሌሊት የነበራቸው ልጆች በቀን በአማካይ ሁለት ሰዓት ይበልጥ ይተኙ ነበር። ክብደታቸውም በግማሽ ኪሎ ይበልጣል። የሦስት ወር ልጅ ላይ ግማሽ ኪሎ ምን ማለት እንደሆነ ልጅ ያስመዘነች እናት ታውቃለች።

ሜክሲኮ ሲቲ ውስጥ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2014 ጥናታቸውን ያወጡ ተመራማሪዎች ሌላ ዘዴ ተጠቀሙ። ማታ ማታ የእያንዳንዱን ልጅ ራስ በሚከልል ቆብ መሳይ ሽፋን ሸፈኑት። ጠዋት ያነሱታል። የተሸፈኑት ልጆች ክብደት ቶሎ ጨመሩ፤ ቤታቸውም ቀድመው ገቡ። ይህን ሳነብ ያ ራስጌ ላይ የታጠፈ ነጠላ ትዝ አለኝ። ሲስተሯ ጥናቱን አንብባው ይሁን አይሁን አልጠየቅኳትም። እጇ ግን እዚያው ነው ያደረሳት።

ሁሉም ጥናት እንዲህ ያምራል ማለት አይደለም። ማሌዥያ ውስጥ እ.ኤ.አ. በ2002 የተደረገው በክብደት ላይ ልዩነት አላገኘም። ኮክሬን የተባለው የሕክምና መረጃ መርማሪ ተቋም እ.ኤ.አ. በ2016 ዘጠኝ ጥናቶችን፣ በድምሩ 544 ሕፃናትን ይዞ ገምግሟል። ቀንና ሌሊት የተለየላቸው ልጆች ቶሎ ከሆስፒታል የመውጣት አዝማሚያ አሳይተዋል። ጥናቶቹ ግን ትንንሽ ናቸው፤ ማስረጃው ጠንካራ አይደለም ብሏል። አብዛኞቹም የተደረጉት መተንፈስ በተረጋጋላቸው ልጆች ላይ ነው። ይህን የማነሳው የማላውቀውን እንዳላጋንን ብዬ ነው። አሁንም ሐሳቤን አልቀየርኩም። ጉዳት ያሳየ የለም፤ ዋጋውም አንድ ማጥፊያ መጫን ነው።

«እንግዲያው ክፍሉን እንደ ማሕፀን ሁልጊዜ እናጨልመው» የሚልም ነበር። እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹና 90ዎቹ ብዙ የምዕራብ ሆስፒታሎች ይህን ሞክረዋል፤ አንዱ ምክንያት ብርሃን የጨቅላዎችን ዓይን ይጎዳል የሚል ፍርሃት ነበር። እ.ኤ.አ. በ1998 የወጣ ትልቅ ጥናት ብርሃን መቀነሱ ያለ ጊዜያቸው የተወለዱ ልጆችን የሚይዘውን የዓይን በሽታ እንደማያስቀር አሳየ። ቆየት ብሎ አሜሪካ ውስጥ ከ31 ሳምንት በፊት በተወለዱ ልጆች ላይ ሲሞከር፣ ቀንና ሌሊት የተለየላቸው ሁልጊዜ በድንግዝግዝ ከተቀመጡት የተሻለ አደጉ። ማሕፀን ጨለማ ቢሆንም እዚያ እናት አለች። ክፍሉ ውስጥ ግን ጨለማው ብቻውን ነው።

የነርሶቹን ስጋት አቅልዬ አላየውም። የሕፃን ከንፈር መጥቆሩን፣ ቆዳው መገርጣቱን በዓይን ነው የሚያዩት። ደም ሥር የሚያገኙት በብርሃን ነው። የእኛ ልጆች ቆዳ ላይ ደግሞ ለውጡ ቶሎ አይታይም፤ ምላስና ድድ ማየት ያስፈልጋል። ስለዚህ ድፍን ጨለማ የሚጠይቅ የለም። የአሜሪካ የጨቅላ ክፍል ደረጃ በየአልጋው ከ10 እስከ 600 ለክስ (ለክስ የብርሃን መጠን መለኪያ ነው) ሊስተካከል የሚችል መብራት ይላል። 10 ለክስ በጣም ደብዘዝ ያለ ብርሃን ማለት ነው። በየአልጋው የምትዞር ትንሽ መብራት ትኑር። ሲስተሯ ልጁን ስታይ የእሱን ታብራ፤ ጎረቤቶቹ ይተኙ። ሙቀት መለካቱን፣ ዳይፐሩን፣ ወተቱን በአንድ ጊዜ ታድርገው።

አንድ ነገር ደግሞ ልጨምር። ቢጫ የሆኑ ልጆች የሚተኙበትን ሰማያዊ መብራት ታውቁታላችሁ። እ.ኤ.አ. በ1956 እንግሊዝ አገር ኤሴክስ ውስጥ ሮችፎርድ ሆስፒታል፣ ሲስተር ጂን ዋርድ የምትባል ነርስ ጨቅላዎቹን ፀሐይ ታሞቃቸው ነበር። ቢጫው እየለቀቀ፣ በአንሶላ የተሸፈነው ቦታ ብቻ ቢጫ ሆኖ ሲቀር ነው ሕክምናው የተገኘው። እናቶቻችን ጠዋት ፀሐይ ሲያሞቁን እንደኖሩት። ይህ መብራት ሕይወት አድን ነው፤ ሌሊትም አይጠፋም። ግን ሰማያዊነቱ የሰውነት ሰዓትን ከሚያነቃው ብርሃን ጋር ተቀራራቢ ነው። ሥሩ የተኛው ልጅ ዓይኑ ይሸፈናል። አጠገቡ ያለው ልጅ ግን ምንም የለውም። በመሃል መጋረጃ ማድረግ ምን ይከብዳል?

«ኦክስጅን ሳይሟላ፣ አንዲት ነርስ ስንቱን ልጅ እየጠበቀች ስለ መብራት ታወራለህ?» የሚለኝ ይኖራል። ልክ ነው፤ ኦክስጅን ይቀድማል። እ.ኤ.አ. በ2019 በተደረገው የሥነ ሕዝብና ጤና ዳሰሳ፣ በአገራችን ከ1,000 ሕፃናት 33ቱ የመጀመሪያ ወራቸውን ሳይጨርሱ ይሞቱ ነበር። አልጋ ጠፍቶ ሁለት ልጅ በአንድ ማሞቂያ የሚተኛበት ጊዜ አለ። እኔም የምለው ለዚያው ነው። አንድ ልጅ በጥቂት ቀን ቀድሞ ቤቱ ከገባ አልጋው ለሌላ ልጅ ይደርሳል።

ደግሞም ርካሽ ነገር ሕይወት ሲያድን እዚሁ አይተናል። ልጅን በእናት ደረት ላይ ማሳደር፣ ካንጋሮ የሚባለው፣ ከኮሎምቢያዋ ቦጎታ ነው የመጣው። ጥቁር አንበሳ ውስጥ በ123 ሕፃናት ላይ ተሞክሮ እ.ኤ.አ. በ2005 ታትሟል። በእናት ደረት ከዋሉት የሞቱት 22.5 በመቶ፣ ከሌሎቹ 38 በመቶ ነበሩ። የእናት ደረት ለዓይንም ጥላ ነው፤ ሙቀቷም ከሰዓቷ ጋር ይወጣል ይወርዳል። ወተቷም እንደዚያው፤ የሌሊቱ ሜላቶኒን አለው፣ የቀኑ የለውም ማለት ይቻላል። ታልቦ ፍሪጅ የሚገባ ወተት ላይ ቀኑ ብቻ ሳይሆን ሰዓቱም ይጻፍ። የሌሊቱን ማታ ይስጡት።

እኛ ሰዓታችንን የምንቆጥረው ከፀሐይ ነው። ሲነጋ 12፣ ሲመሽ 12። አዲስ አበባ ላይ በረጅሙና በአጭሩ ቀን መካከል ያለው ልዩነት ከአንድ ሰዓት ብዙም አይበልጥም። ለጨቅላ ክፍል መርሐ ግብር ለማውጣት ሌላ ቀመር አያስፈልግም። ከጠዋቱ 12 መጋረጃው ይገለጥ፤ ከምሽቱ 12 ትልልቆቹ መብራቶች ይጥፉ።

ያን ሌሊት ስወጣ በሩ አጠገብ ያለውን ማብሪያ ማጥፊያ አየሁት። አንድ ነው። ስምንቱም መብራቶች በእሱ ነው የሚበሩት፤ አንዱን ለማጥፋት ሁሉንም ማጥፋት ግድ ነው። ሰፈራችን ያለ ኤሌክትሪሺያን ጠየቅኩት። መስመሩን ለመለያየት ግማሽ ቀን ይበቃኛል አለኝ።