ስሙ ሌላ፣ ውስጡ ያው!

በቃ ዛሬ ልተንፍሰው። ምርጫ ሞልቷል ይሉናል። መደርደሪያው ላይ ዕቃው በየቀለሙ፣ በየስሙ፣ በየዋጋው ተደርድሮ ይጠብቀናል። ገልበጥ አድርገን ጀርባውን ስናነብ ግን ውስጡ አንድ ሆኖ እናገኘዋለን።

የሕመም ማስታገሻን እንይ። ከፊት ለፊት በትልልቅ ፊደል የንግድ ስሙ ተጽፏል። ከሥሩ ዓይን በሚያደክም ደቃቅ ጽሑፍ «ፓራሲታሞል 500 ሚሊ ግራም» ይላል። አጠገቡ ያለውን ርካሹን አንሱት። እሱም ፓራሲታሞል 500 ሚሊ ግራም! ሕመሙን የሚያስታግሰው ደቃቁ ጽሑፍ ነው፤ ገንዘባችንን የምንከፍለው ግን ለትልቁ ነው።

የአውስትራሊያውን ታሪክ ሳነብ ደሜ ነው የፈላው። ኑሮፌን የሚባለው ማስታገሻ ለጀርባ ሕመም፣ ለወር አበባ ሕመም፣ ለማይግሬን፣ ለውጥረት ራስ ምታት እየተባለ በአራት ዓይነት ፓኬት ይሸጥ ነበር። ዋጋቸው ከተራው ኑሮፌን እጥፍ ገደማ ነው። በአራቱም ውስጥ ያለው ሕመም አስታጋሽ ንጥረ ነገር ግን ያው 342 ሚሊ ግራም አይቡፕሮፌን ላይሲን ነበር። ኪኒን እኮ ጀርባና ጭንቅላት መርጦ አይሄድም! ፍርድ ቤቱ እ.ኤ.አ. በ2015 ሸማቹን የሚያሳስት ነው ብሎ ወሰነ፤ በ2016 ደግሞ በአምራቹ ላይ የተጣለው ቅጣት ወደ 6 ሚሊዮን የአውስትራሊያ ዶላር ከፍ አለ። ይቀጡ፣ ደግ አደረጉ። ግን ስንቱ እያመመው እጥፍ ከፍሏል? የሚያመው ሰው ቆሞ ሚሊ ግራም አያመሳክርም።

ሌላውም ቢሆን እንዲሁ ነው። መነጽር ስንገዛ ሬይ ባን ይሻላል ኦክሊ እያልን እናማርጣለን፤ ሁለቱም የአንድ ኩባንያ ናቸው። ቶዮታ አይጎ፣ ፔዦ 107 እና ሲትሮይን ሲ1 እ.ኤ.አ. ከ2005 ጀምሮ ቼክ ሪፐብሊክ ውስጥ ኮሊን ከሚገኝ አንድ ፋብሪካ የወጡ መኪኖች ናቸው። አንድ መሆናቸው አይደለም የሚያናድደኝ። አብሮ ማምረት ወጪ ይቀንሳል፣ እሱ ይገባኛል። ታዲያ ለእኛ ለምን በግልጽ አይነገረንም?

ከዚህ የባሰው ደግሞ ግልባጩ ነው። የፈለግነው ዕቃ ሲጠፋ «ይሄም ያው ነው፣ ውሰዱት» ይባላል። ያው ሳይሆን! የላፕቶፕ ቻርጀር ጫፉ ስለገባ ብቻ ያው አይደለም። ቮልቱ ከተለየ ዕቃውን ሊያቃጥለው ይችላል። መድኃኒት ላይ ሲሆንማ ያስፈራል። ፓራሲታሞልን ከአንዱ አምራች ወደ ሌላው መቀየር ምንም አይደለም። እንደ ፌኒቶይን ያለ የሚጥል በሽታ መድኃኒት ወይም ለታይሮይድ (ለአንገት ዕጢ) ሕመም የሚሰጠው ሌቮታይሮክሲን ግን በደም ውስጥ ያለው መጠን ትንሽ ሲዛነፍ ሰውየው ላይ ለውጥ ሊያመጣ ይችላል። ስለዚህ አምራቹ ሲቀየር ሐኪሙ ማወቅ አለበት። ፓኬቱን ቀይሮ ዝም ብሎ መስጠት ምን የሚሉት ጭካኔ ነው?

አንድ የሆነውን ልዩ ነው ብለው ያስከፍሉናል። ልዩ የሆነውን ደግሞ ያው ነው ብለው ያስይዙናል። በሁለቱም በኩል የምንከፍለው እኛ ነን።

አምራቾች፣ ውስጡ ያለውን ነገር ስም ከንግድ ስሙ እኩል አግዝፋችሁ ጻፉልን። ሻጮችም ዕቃ ስትቀይሩብን አስቀድማችሁ ንገሩን፤ እንውሰድ አንውሰድ እኛ እንወስናለን።