ክርክር፦ ስልክህ ቢነጠቅ ጣቢያ ትሄዳለህ?

የሚከራከሩበት ሐሳብ፦ «የአዲስ አበባ ሰው በፖሊስ ላይ እምነት ያጣው በራሱ በፖሊስ ጥፋት ነው።» ደጋፊው «ባለ ካርቶኑ»፣ ተቃዋሚዋ «የሳጅን ልጅ» በሚል ስም ይጽፋሉ።

ባለ ካርቶኑ

ባለፈው ወር መገናኛ ታክሲ ሰልፍ ላይ ስልኬን ተነጠቅሁ። ሦስተኛዬ ነው። ሰልፈኛው ምን አለኝ? «አይዞህ፣ ሲምህን ቶሎ አስዘጋ።» ከዚያ ሁሉ ሰው መሀል «ፖሊስ ጋ ሂድ» ያለኝ አንድም የለም። እምነት የሚለካው እዚህ ጋ ነው።

የመጀመሪያው ሲወሰድ ሄጄ ነበር። ካርቶኑን አምጣ ተባልኩ፣ አመጣሁ። መርማሪው የለም ነገ ና፣ ሄድኩ። መዝገቡ ሌላ ክፍል ነው፣ እዚያም ሄድኩ። በአራተኛው ቀን አንዱ ፖሊስ በጣም አዝኖልኝ «ወንድሜ፣ ለምን ሌላ አትገዛም?» አለኝ። በ2011 መጨረሻ ከተማው ሞተር ሳይክል ሲያግድ ዋናው ምክንያት ዝርፊያና ንጥቂያ ነበር። ነጣቂው አልያዝ ሲል ሞተሩ ታሰረ ማለት ነው! የጎረቤቴ ልጅ ደግሞ በሰፈር ጠብ ሐሙስ ተይዞ ፍርድ ቤት የቀረበው ማክሰኞ ነው። ሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 19 ላይ 48 ሰዓት ነው የሚለው።

ሦስተኛውን ስልክ አላመለከትኩም። ምን ዋጋ አለው?

የሳጅን ልጅ

አላመለከትክም! እና ፖሊስ በህልሙ ይይልህ?

አባቴ ዕድሜውን የጨረሰው በዚህ ሥራ ነው። ጥምቀት ጃንሜዳ፣ ደመራ መስቀል አደባባይ፣ የፋሲካ ዶሮ ደግሞ ሁሌ ቀዝቅዞ ነው የሚደርሰው። ሌባ ሲያዝ ሰፈሩ ግልብጥ ብሎ ወጥቶ ይደበድባል፤ ለምስክርነት ሲጠሩት ግን ሁሉም «እኔ አላየሁም»። ያለ ምስክር ነጣቂው በማግስቱ ይወጣና ትሰድቡታላችሁ። ሌባውን ሳይሆን ፖሊሱን!

እኔም ሳሪስ ላይ ተነጥቄ አውቃለሁ። አመለከትኩ፣ በሦስተኛው ቀን ስልኬ እጄ ገባ። እንግዲህ ለሄደ ሰው ይሠራል።

ባለ ካርቶኑ

በሦስተኛው ቀን! እህቴ፣ እኔ በሦስተኛው ቀን ገና መዝገቡ ያለበትን ክፍል እየፈለግሁ ነበር። እስቲ አንድ ነገር ልጠይቅሽ፦ ማን ጋ ደወልሽ?

የሳጅን ልጅ

ምነው ነገሩን ወደ ግል አዞርከው? ክርክራችን ስለ ከተማው መስሎኝ። ሦስት ስልክ ጠፍቶት አንዴ ብቻ ያመለከተ ሰው ስለ ፖሊስ ሊፈርድ አይችልም። አንተ ሳታመለክት የቀረኸው ሌባ እኮ ነው በማግስቱ የሌላውን የሚነጥቀው። ያ አያሳፍርህም?

ባለ ካርቶኑ

ያሳፍረኛል። አሁን ንገሪኝ፣ ማን ጋ ደወልሽ? ስለ አንቀጽ 19 ዝም አልሽ፣ ስለ ሞተሩ ዝም አልሽ፣ ይሁን። ይቺን ብቻ መልሺልኝ።

የሳጅን ልጅ

አዎ፣ ለአባቴ ደወልኩ! ልጁ ነኛ! ስልኬ ተወስዶ፣ እጄ እየተንቀጠቀጠ፣ በማላውቀው ሰው ስልክ ለማን ልደውል ኖሯል? እሱም ለጓደኛው ደወለ። ማንም አባት የሚያደርገውን ነው ያደረገው። አንተ ወረዳ ውስጥ አጎት ቢኖርህ መታወቂያ ለማሳደስ ከንጋቱ ትሰለፍ ነበር? እዚህ አገር ሰው ያለው ሰው ያልፍለታል፣ ሐኪም ቤትም ባንክም ያው ነው። ለምን ፖሊስ ብቻ ይሰደባል? አባቴ ሃያ ስምንት ዓመት አገልግሎ ዛሬም የሰው ቤት ነው የሚከራየው። እሱን ሌባ ለማለት ከሆነ በግልጽ በለው።

ባለ ካርቶኑ

አባትሽን ማንም አልነካም። ሳያቸው ተነሥቼ ነው ሰላም የምላቸው። ግን «ለሄደ ሰው ይሠራል» ብለሽ ጀምረሽ «ሰው ላለው ይሠራል» ላይ ደረስሽ፤ እኔም ስጮህ የነበረው ይህንኑ ነው።

ካርቶኑ አልጋ ሥር አለ። ሰኞ ጠዋት እሄድና አመለክታለሁ። አብረሽኝ ነይ። የማን ልጅ እንደሆንሽ ግን ትንፍሽ እንዳትዪ።

የሳጅን ልጅ

እመጣለሁ። «ነገ ና» ካሉህ ግን ነገም ትሄዳለህ፣ እንደ ልማድህ አኩርፈህ ቤት አትቀርም። ስልኬን ትቼ ነው የምመጣው፣ እንዳትደውልልኝ። በመገናኛ ነው የማልፈው።