ኃይለኛ ውሻ አለ

በአዲስ አበባ የየትኛውንም ሰፈር የውስጥ ለውስጥ መንገድ ይዞ የሚሄድ ሰው፣ በዛገ የቆርቆሮ በር ላይም ሆነ በድንጋይ በተለበጠ አጥር ላይ አንድ የማይቀር ጽሑፍ ያነባል፤ «ኃይለኛ ውሻ አለ»። አቅም ያለው ከሱቅ ገዝቶ የጀርመን ሼፐርድ ፎቶግራፍ ያለበትን ሰሌዳ ይሰቅላል። አቅም ያነሰው በቀይ ቀለም በብሩሽ ይጽፈዋል፤ ቀለሙ ከፊደሎቹ ጫፍ ወደ ታች ስለሚፈስ ማስፈራሪያነቱ እንዲያውም ይጎላል። ሥዕሉ ላይ ያለው ውሻ ጠጉሩ የሚያበራ፣ ደረቱ የሰፋ ነው። ከበሩ ጀርባ ያለው ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ ጎድኑ የሚቆጠር የሐበሻ ውሻ ነው። ይህን ልዩነት ያስተዋለ የለም፤ በሩ አይከፈትማ።

እኔ ይህን ጽሑፍ ባነበብሁ ቁጥር ኩራት ይሰማኛል። የአገር ውስጥ ምርት ማስታወቂያ ነውና። ኃይለኛ ውሻ እንደሚታወቀው ተወልዶ አይገኝም፤ ይመረታል። ጥሬ ዕቃው ጭራውን እየቆላ ያገኘውን ጫማ ሁሉ የሚልስ ቡችላ ነው። ከሰንሰለቱ በቀር የውጭ ምንዛሪ አይጠይቅም። በዚህ መስክ የደረስንበትን ደረጃ ለመረዳት ግን የሌላውን ዓለም ልፋት ማየት ያስፈልጋል።

ዲሚትሪ ቤልያዬቭ የተባለ ሩሲያዊ የዘረ መል ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ1959 በሳይቤሪያ ኖቮሲቢርስክ አንድ ሥራ ጀመረ። ለቆዳቸው ሲባል ከሚረቡ ቀበሮዎች መካከል ሰው ሲቀርባቸው እምብዛም የማይደነግጡትንና የማይናከሱትን ብቻ እየመረጠ እርስ በርስ አራባቸው። ትውልድ ትውልድን ሲተካ ሰው ባዩ ቁጥር ጭራቸውን የሚቆሉ፣ እጅ የሚልሱ፣ ሲለዩአቸው የሚያላዝኑ ቀበሮዎች ተወለዱ። ሰውየው በ1985 ሲሞት ሉድሚላ ትሩት የምትባል የሥራ ባልደረባው ለብዙ አሥርት ዓመታት ገፋችበት። ልፋት ይሏል ይህ ነው! እኛ ግን ከ14,000 ዓመት በላይ ከሰው ጋር የኖረን፣ የሰውን ጣትና ዓይን ተከትሎ ምግብ የት እንዳለ የሚያውቅን እንስሳ ተቀብለን በአንድ ክረምትና በአንድ በጋ ወደ አውሬነት እንመልሰዋለን። ያውም ያለ ቤተ ሙከራ፣ ያለ በጀት።

የመጀመሪያው የምርት ደረጃ በአንድ ዓረፍተ ነገር ይጠቃለላል፤ «ሰው እንዳይለምድ»። ቡችላው ዓይኑን በገለጠ በጥቂት ሳምንት ከእናቱ ተነጥቆ ይመጣል። (ወንዱ ነው ታዲያ። ሴቶቹ በካርቶን ተደርገው ወንዝ ዳር ይቀመጣሉ፤ ቀሪውን ክረምቱ ይጨርሰዋል።) ከዚያ በጓሮ፣ ከሽንት ቤቱ ጎን፣ በርሜል ተጋድሞ ይታሰርለታል። እንግዳ አይነካውም። ልጆች አይጫወቱበትም። ከቤተሰቡም የሚያበላው አንድ ሰው ብቻ ይሆናል፤ ከብዙ እጅ የበላ ውሻ አይጠብቅማ! እጅግ ጠንቃቃ የሆኑት ቀን ቀን ጨለማ ውስጥ ዘግተውበት ማታ ይለቁታል፤ ብርሃን ልብ ያለሰልሳል ተብሎ ይታመናል።

እ.ኤ.አ. በ1961 «ሳይንስ» በተባለው መጽሔት ላይ ውጤታቸውን ያሳተሙ አሜሪካውያን ተመራማሪዎችም ይህንኑ ሞክረው ነበር። ቡችሎችን ከፍ ባለ አጥር በተከለለ ሜዳ አሳደጉ፤ ከፊሎቹን በተለያየ ዕድሜ እያወጡ ለአንድ ሳምንት ከሰው ጋር አጫወቷቸው፤ ጥቂቶቹን ግን እስከ አሥራ አራተኛ ሳምንት ድረስ ሰው ሳያስለምዱ ተዉአቸው። እነዚህ የኋለኞቹ ሰው ባዩ ቁጥር የሚሸሹ፣ ገመድ የማይለምዱ፣ እንደ ዱር እንስሳ የሆኑ ውሾች ወጣቸው። ለሰው ልብን የሚከፍተው መስኮት ከሦስተኛው ሳምንት ገደማ ተከፍቶ በሦስተኛው ወር አካባቢ እየጠበበ እንደሚሄድ ከዚህና መሰል ጥናቶች ተረዱ። ሌላው ዓለም ከዚህ የወሰደው ሰው እንዳይሠራው ማስጠንቀቂያ ነበር። እኛ ደግሞ እንደ አሠራር መመሪያ ወሰድነው፤ መስኮቱ ክፍት በሆነበት በዚያው ሰሞን ቡችላውን ከበርሜል ጋር አስተዋወቅነው።

ባለሙያዎቹ አንድ ነገር ይጨምራሉ። እንዲህ ያደገ ውሻ እንግዳ ሲያይ የሚጮኸው ፈርቶ ነው፤ መሸሽ ስለማይችል አስፈራርቶ ለማራቅ ይሞክራል ይላሉ። እዚህ ላይ ተሳስተዋል እንዳልል፣ አልተሳሳቱም። ቢሆንም ማንም ጤነኛ አባወራ በሩ ላይ «ፈሪ ውሻ አለ» ብሎ አይጽፍም።

በሰፈራችን የዚህ ጥበብ ሊቅ የሆኑ አንድ ጋሼ አሉ። የእሳቸውን ግቢ ያየ ሰው ምርቱን በሙሉ ክብሩ ያያል። የአንድ ሜትር ተኩል ሰንሰለት፣ አንድ ሾጣጣ ብረት መሬት ውስጥ ተቀብሯል። ሰንሰለቱ እየዞረ ሣሩን ልጦ በኮምፓስ የተሠመረ የሚመስል ክብ አውጥቷል። ከክቡ ውጭ ሣሩ ለምለም ነው፤ ከክቡ ውስጥ አቧራ፣ በክረምት ጭቃ። ከጠርዙ ላይ በአግድም የተቆረጠ ቢጫ የዘይት ጄሪካን አለ፤ ውስጡ የሽሮ ድስት እጣቢ የገባበት የደረቀ እንጀራ ይደረግበታል። ውኃ? ዝናብ አለ። የውሻው ስም መቻል ነው። ስሙ ለውሻው አልወጣም፤ ለጎረቤት ነው። ከታችኛው ግቢ ካሉት ሰውዬ ጋር በአጥር ድንበር ተጣልተው ስለማይነጋገሩ፣ ጠዋት ጠዋት በረንዳ ላይ ቆመው «መቻል! መቻል!» እያሉ ይጣራሉ። ጎረቤትየው ይገባቸዋል። ውሻው ግን ስሙ በተጠራ ቁጥር ወደ እሱ የሚመጣ ሰው ስለሌለ፣ መጠራት ማለት ምን እንደሆነ እስካሁን አልተገለጠለትም።

ከግቢ ውጭ ያለውን የትምህርት ዘርፍ ለልጆቻችን አስረክበናል። ኢቫን ፓቭሎቭ ውሾችን የአንድ ድምፅ ምልክት ከምግብ ጋር አያይዞ ሲያሰማቸው፣ ኋላ ምግቡ ባይኖርም ድምፁን ብቻ ሰምተው ምራቃቸው እንደሚወርድ አሳየ። ለዚያ ሁሉ ሥራው ሴንት ፒተርስበርግ ውስጥ ትልቅ ቤተ ሙከራ ነበረው፤ ስለ ምግብ መፈጨት ባደረገው ምርምርም በ1904 ኖቤል ሸልመውታል። የሰፈራችን ልጆች በባዶ እግራቸው ከዚያ የላቀ ሠርተዋል። በኢትዮጵያ ምድር የትኛውም ጥግ፣ በማታውቀው ከተማ፣ በማታውቀው መንገድ ላይ ውሻ ቢመጣብህ ጎንበስ በል። ድንጋይ አያስፈልግም። አስፋልት ቢሆን እንኳ፣ የሚነሣ ጠጠር ባይኖርም፣ ጎንበስ ማለትህ ይበቃል፤ ውሻው ጭራውን በእግሮቹ መካከል ቀብሮ ይፈተለካል። የጫማህን ክር ልታስር ብትጎነበስም ይሸሻል። የአንድ አገር ውሻ ሁሉ አንድ ፈተና በአንድ ውጤት ሲያልፍ እንደምን ያለ ሥርዓተ ትምህርት ነው! ፓቭሎቭ ይህን ቢያይ ሜዳሊያውን አውልቆ ለአራተኛ ክፍል ተማሪ ያጠልቅ ነበር።

ስለ ፍትሕም ሳላነሣ አላልፍም፤ የውሻ ፍርድ ቤታችን ፈጣን ነው። ባለፈው ፋሲካ ከጋሼ ቤት የበግ ጭን ጠፋ። ጋሼ ከዘራቸውን ይዘው ወጡ፤ መቻል ጆሮውን ጥሎ፣ ምላሱን እየላሰ፣ የዓይኑን ነጭ እያሳየ መሬት ላይ ተለጠፈ።

«ድመቷ ናት እኮ የወሰደችው» አሉ እትዬ ከማጀት።

«ዝም በይ! ዓይኑን አታዪውም? ጥፋቱን ያውቃል።»

«እንዴት አድርጎ ይወስዳል? ታስሯል እኮ!»

«ታዲያ ለምን ይፈራል?»

በእንዲህ ያለ ጥያቄ ፊት የትኛውም ጠበቃ ዝም ይላል። አሌክሳንድራ ሆሮዊትዝ የተባለች ኒው ዮርክ የምትሠራ ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ2009 ባሳተመችው ጥናት አሥራ አራት ውሾችን ከነባለቤቶቻቸው ፈትናለች። ባለቤቱ ምግቡን እንዳይነካ ውሻውን ከልክሎ ይወጣል፤ ሲመለስ በልቷል ወይም አልበላም ይሉታል፤ የሚነግሩት ግን ሁልጊዜ እውነቱን አይደለም። የጥፋተኝነት የሚመስለው ፊት የታየው በበላው ላይ ሳይሆን በተቆጡት ላይ ነበር፤ እንዲያውም ጎልቶ የታየው ምንም ሳይበሉ በተቆጡት ላይ ነው። ዓይን ማሸሽ፣ ከንፈር መላስና ጆሮ መጣል «እባክህ አትምታኝ» ማለት እንጂ ኑዛዜ አልነበረም። ይህን ለጋሼ ብነግራቸው «አየህ፣ የእነሱ ውሻ ተምሮ ይዋሻል» ባሉኝ።

የተማረው ክፍል ደግሞ ከዘራ አይዝም፤ ንድፈ ሐሳብ ይይዛል። ውሻ የተኩላ ዘር ስለሆነ መሪው ማን እንደሆነ ካላሳወቁት በጌታው ላይ ይነግሣል ይላል። ስለዚህ አንገቱን ይዞ በጀርባው ይገለብጠዋል፤ ከራሱ በፊት በር እንዲያልፍም አይፈቅድለትም። ይህ ሐሳብ የመጣው ሩዶልፍ ሼንከል በ1947 ካሳተመው ጥናት ነው፤ ያኔ የታዩት በባዝል መካነ አራዊት አንድ ላይ የታጎሩ ተኩላዎች ነበሩ። ሐሳቡን በ1970 መጽሐፉ ለዓለም ያደረሰው ዴቪድ ሜክ ግን በኋላ ዱር ገብቶ የተኩላን ኑሮ ሲያጠና መንጋ ማለት በአብዛኛው አባት፣ እናትና ልጆች መሆኑን አየና በ1999 በጽሑፍ አረመው፤ የራሱ መጽሐፍ መታተሙ እንዲቆምም አሳታሚውን ሲወተውት ኖረ። ደራሲው የተወውን እኛ አልተውንም። ቃል ጠባቂዎች ነን።

ወደ ምርቱ አገልግሎት እንለፍ። መቻል ባለፈው ዓመት ሰንሰለቱ ዝጎ ተበጠሰና ነከሰ። የነከሰው ሌባ አልነበረም፤ ኳሷን ፍለጋ የገባች የጎረቤት ልጅ ናት። በዚህም አልተለየም፤ አብዶ ይሆናል ተብሎ በሚጠረጠር እንስሳ ከሚነከሱት አሥር ሰዎች አራቱ ከአሥራ አምስት ዓመት በታች መሆናቸውን የዓለም ጤና ድርጅት ይናገራል። ይኸው ድርጅት ቁስሉን ወዲያው በሳሙናና በውኃ ቢያንስ ለአሥራ አምስት ደቂቃ ማጠብ፣ ከዚያም ሳይውሉ ሳያድሩ ክትባት መጀመር ያድናል ይላል፤ ምልክቱ አንዴ ከታየ ግን የእብድ ውሻ በሽታ ከሞት አያስመልጥም። በግቢው የተሰበሰበው ሸንጎ ግን ሳሙናን እንደ ተራ ነገር ናቀው። አንዱ ሥር አዋቂ ዘንድ ትሂድ አለ፣ ሌላዋ ቁስሉ ላይ ቡና ይነስነስበት አለች፣ ሦስተኛው ውሻው ይገደል አለ። ደግነቱ የልጅቷ እናት ሸንጎውን ሳትሰማ ልጇን ወደ ቧንቧ፣ ከቧንቧም ወደ ጤና ጣቢያ ወሰደቻት። መቻል ተከትቦ ያውቅ እንደሆነ ጋሼ ሲጠየቁ ተቆጡ፤ «ውሻ ነው እንጂ ልጅ ነው እንዴ የሚከተበው?»

ልክ ናቸው። ከውሾች ሰባ ከመቶው ቢከተብ በሽታው መተላለፉን እንደሚያቆም ይታወቃል፤ ውሻን መፍጀት ግን በሽታውን እንደማያቆመው ከብዙ አገር ተሞክሮ ታይቷል። የተገደለውን ቦታ ሌላ ያልተከተበ ውሻ ይይዘዋልና። ነገር ግን መርዝ የተቀባ ሥጋ በሌሊት መበተን ክትባት ይዞ ቤት ለቤት ከመዞር ይቀላል፤ ጠዋት ላይም የሚቆጠር ውጤት አለው። ይልቅ የሚያስቀናው የባሌ ተራሮች ዙሪያ ውሻ ነው። የዓለም ሰው ተጨንቆ ይከትበዋል፤ ለራሱ ብሎ አይደለም እንጂ፤ በሽታውን ከመጥፋት አፋፍ ላይ ላለው ለቀይ ቀበሮ እንዳያጋባ ነው። መቻልም ዘመድነቱን ቆጥሮ ባሌ ቢወለድ ኖሮ በመርፌ ይከበር ነበር።

አሁን የቀረው «በሽልማት ማሠልጠን» የሚሉት የፈረንጅ ፈሊጥ ነው። በ2020 የታተመ የፖርቱጋል ጥናት ዘጠና ሁለት ውሾችን አወዳድሮ፣ በመጎሸምና በመቆጣት የሠለጠኑት በምራቃቸው ውስጥ የጭንቀት ሆርሞን ከፍ ብሎ አገኘ። ከዚያ የምግብ ሳህን ሥጋ ይኑርበት አይኑርበት በማያስታውቅ ቦታ ሲቀመጥላቸው፣ በጣም የተገሠጹት ተስፋ እንደቆረጠ ሰው እግራቸውን እየጎተቱ ሄዱ፤ በሽልማት የሠለጠኑት ሮጡ። እኛ አገር ይህን ዘዴ ማንም ከቁም ነገር የጣፈው አይመስልም ነበር። ለካ አንድ የሙያ ዘርፍ ቀድሞ ተቀብሎታል።

ባለፈው ወር ከጋሼ ግቢ የውኃ ፓምፕ፣ ሁለት የጋዝ ሲሊንደርና ከገመድ ላይ ያልገባ ብርድ ልብስ ተወሰደ። መቻል አልጮኸም። የሌሊት ጥበቃው እንደነገረን ሰዎቹ ከዚያ በፊት ለብዙ ሌሊት በአጥሩ ቀዳዳ በኩል እየመጡ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው በስሙ ይጠሩት፣ ሲቀርብ ደግሞ የተቀቀለ አንጀት ይሰጡት ነበር። ጠዋት ፖሊስ ሲመጣ ግን መቻል ሰንሰለቱ እስኪወጠር ዘለለበት፤ ጋሼም «አያችሁ፣ ኃይለኛነቱን!» አሉ።