ተልባው ጓዳ ተቀምጦ ብልቃጥ ፍለጋ

አክስቴ ስኳር ከተገኘባቸው አምስት ዓመት ሆኗቸዋል። ባለፈው ዐቢይ ጾም ልጠይቃቸው ጎንደር ማራኪ ሰፈር ብሄድ ከመሶቡ ጎን አንዲት ብልቃጥ አየሁ፤ ውስጧ የጠቆረ የቅጠል ዱቄት አለ። «ስኳርን ከነሥሩ ይነቅላል ብለው ሸጡልኝ» አሉኝ። ሜትፎርሚን የሚባለውን የስኳር ክኒናቸውን ካቆሙ ሦስተኛ ሳምንታቸው ነበር። በማግስቱ በባዶ ሆድ ሲለኩ የደም ስኳራቸው ከ300 በላይ ሆነ።

በሻጩ በጣም ተናድጃለሁ። ያሳዘነኝ ግን ሌላ ነው። ጓዳቸው ውስጥ ተልባው በቁና ተቀምጧል፣ አብሹም ሽምብራውም አለ። ምሳቸው ደግሞ ፓስታ በነጭ ዳቦ ነበር፤ «ጾም አይደል፣ ምን ይበላል?» ይላሉ።

ዕፅዋት ስኳር ላይ አይሠሩም እያልኩ አይደለም። ሜትፎርሚን ራሱ መነሻው ጋሌጋ የሚባል የአውሮፓ ተክል ውስጥ ያለ ጋሌጂን የተባለ ንጥረ ነገር ነው። ፈረንሳዊው ሐኪም ዣን ስተርን መድኃኒቱን በስኳር ሕሙማን ላይ ሞክሮ ውጤቱን ያወጣው እ.ኤ.አ. በ1957 ነበር። ተክሉ ግን መርዛማነት አለው፤ ክኒኑ የሚታመነው ልኩና ጉዳቱ ተመዝኖ ስለተሠራ ነው። የብልቃጧን ልክ ማን መዘነው?

ተልባን እንይ። ሊግናን በሚባለው የዕፅዋት ንጥረ ነገር ከምንበላቸው ነገሮች ሁሉ የሚስተካከለው የለም። አንጀታችን ውስጥ ያሉ ባክቴሪያዎች ሊግናንን ኢንተሮላክቶን ወደሚባል ሌላ ንጥረ ነገር ይለውጡታል። በአሜሪካ ሴት ነርሶች ላይ ተሠርቶ እ.ኤ.አ. በ2014 የወጣ ጥናት ሽንታቸው ውስጥ ኢንተሮላክቶን በብዛት የተገኘባቸው ሴቶች በዓይነት ሁለት የስኳር በሽታ የመያዝ ዕድላቸው አነስተኛ እንደሆነ አሳይቷል። ይህ ዝምድናን እንጂ ምክንያትን አያረጋግጥም፤ ሌላውም አመጋገባቸው የተሻለ ሊሆን ይችላል። ለእኔ ግን ጓዳችንን በአክብሮት እንድናይ የሚያደርግ ነው። የተልባ ፍሬ ሳይደቅ ከተዋጠ አብዛኛው እንዳለ ያልፋል። እናቶቻችን ምጣድ ላይ አምሰው፣ ወቅጠው፣ በወንፊት ነፍተው፣ በውኃ በጥብጠው ነው ለፍትፍት የሚያቀርቡት። «ተልባ ቢንጫጫ ባንድ ሙቀጫ» ስንል ያደግነው በከንቱ አይደለም።

አብሽም ውኃ ሲነካው የሚያዝለገልገው አሰሩ ስኳር ወደ ደም የሚገባበትን ፍጥነት ያዘገያል። ኢንሱሊን የሚወስድ ሰው ግን ስኳሩ ከልክ በታች እንዳይወርድበት ሐኪሙን ሳያማክር በብዛት አይጠጣው።

ጤፍ ላይ ደግሞ ክብራችን ያሳስተናል። ለእንግዳ ነጭ ካልቀረበ እናፍራለን፤ ቀዩ ፖሊፌኖል በሚባለው የዕፅዋት ንጥረ ነገር ከነጩ ይበልጣል፣ ገበያ ላይም ብዙ ጊዜ ይረክሳል። ቀይ ነው ተብሎ ሦስት እንጀራ ይበላ ማለት ግን አይደለም፤ ሆድ ውስጥ ወደ ስኳር የሚለወጠው ስታርቹ ያው ነው። ቡናችንም ጥሩ ነገር አለው፣ ሲኒው ውስጥ ሦስት ማንኪያ ስኳር ካልጨመርንበት።

አክስቴ አሁን ክኒናቸውን ጀምረዋል። ከአንድ ጤና ተቋም የተሰጣቸውን የአመጋገብ ወረቀት አሳዩኝ፤ ብሮኮሊ፣ የወይራ ዘይት፣ ሳልሞን ይላል። «ብሮኮሊ ምንድን ነው፣ ልጄ?» አሉኝ። ጎንደር ውስጥ ስኳር ሕሙማንን የምታማክሩ ባለሙያዎች፣ እባካችሁ ወረቀቱን በእኛ ምግብ ጻፉት፤ ስንት ጭልፋ ሽሮ፣ ስንት ጭልፋ ምስር፣ ምን ያህል ጎመን፣ ከእንጀራው ግማሽ ይሁን ሙሉ።