ጨዋነት ከሴት ብቻ ለምን ይጠበቃል?

ሰሞኑን አራት ሆነን ስናወራ ነገሩ ሳናስበው ከረር አለ። በዕድሜ የሚበልጡን ሰው ሴት ልጃቸው ለዩኒቨርሲቲ ደርሳለች። «ትማር፣ ማን ይከለክላታል?» አሉ። «እኔ የምፈራው ጠባይዋን ነው። የተማረች ሴት አንደበቷ ይረዝማል፣ መታዘዝ ይከብዳታል።»

አስተማሪዋ ጓደኛችን አላስቻላትም። «ጋሼ፣ ወንድ ልጅዎ ሲገባ ስለ ጠባዩ ፈርተው ነበር?»

«እሱማ ወንድ ነው።»

ሌላው ጓደኛችን ጣልቃ ገባ። ትሕትና ለሴት፣ ድፍረት ለወንድ ያምራል ባይ ነው። ንቀት የለበትም፣ ተፈጥሮ ያከፋፈለው ነው አለ።

«ክፍሌ መጥተህ እይ» አለችው። «ልጁ እጁን ሳያወጣ ጮኾ ይመልሳል፣ ጎበዝ ይባላል። ልጅቷ እስክትጠራ እጇን አንከርፍፋ ትጠብቃለች። አንድ ቀን እሷም ሳትጠራ ብትመልስ፣ ሥርዓት የላትም ትባላለች። ይኼን ተፈጥሮ አላመጣውም። እኛ ነን ያስለመድናቸው።»

ከዚያ በእንግሊዝ አገር ያለውን የካምብሪጅ ዩኒቨርሲቲን ታሪክ አነሳች። እ.ኤ.አ. በ1890 ፊሊፓ ፎሴት የምትባል ተማሪ በሒሳብ ፈተና አንደኛ ከወጣው ወንድ በልጣ ተገኘች። የሴቶቹ ውጤት ለብቻው ይነገር ስለነበር «ከአንደኛው በላይ» ተባለላት። ዲግሪ ግን አልተሰጣትም። በ1897 ለሴቶች ዲግሪ ይሰጥ አይሰጥ ተብሎ ድምፅ ሲሰጥ፣ ወንዶቹ ተማሪዎች ብስክሌት ላይ የተቀመጠች የሴት አሻንጉሊት ሠርተው ከመንገዱ በላይ ሰቀሉ። ሐሳቡ ውድቅ ሲሆን አውርደው ቦጫጨቋት። በ1921 ደግሞ ጋሪ እየገፉ የሴቶቹን ኮሌጅ በር ሰባበሩ። ሴቶቹ ሙሉ ዲግሪ ያገኙት በ1948 ነው።

«እነዚያማ ባለጌዎች ናቸው» አሉ ጋሼ።

«አዎ፣ ግን ወንዶች ስለተማሩ ባለጉ ያለ ሰው የለም። ሴት ስታጠፋ ብቻ ነው ትምህርቱ የሚወቀሰው።»

ጋሼ ዝም አሉ። ጓደኛችን ግን አሁንም አልተዋጠለትም።

እኔ ከአስተማሪዋ ጋር ነኝ። የጋሼ ሐሳብ ከክፋት የመጣ አይደለም፣ ልጃቸውን ይወዳሉ። ግን ጨዋነት ብለው የሚጠሩት መታዘዝን ነው። ለታዘዘው ሁሉ እሺ የምትል ልጅ፣ ክፉ ሰው ሲያዛትም እሺ ትላለች። እምቢ ለማለት መጀመሪያ ነገሩን ማመዛዘን አለባት። ማመዛዘን ደግሞ በማንበብ፣ በመጠየቅ፣ ተሳስቶ በመታረም የሚመጣ ነው። ሳታስብ እንድትኖር ያሳደግናትን ልጅ፣ ስትሳሳት ለምን አላሰብሽም ብለን መውቀስ ግፍ ነው።

ድፍረት ለወንድ የሚለውንም አልቀበልም። ጉልበተኛ ፊት ቆማ እውነቱን የምትናገር ሴት ድፍረት ያስፈልጋታል። ሥልጣን የያዘ ወንድም ትሕትና ያስፈልገዋል፣ እንዲያውም ከማንም በላይ።

ጋሼ ለልጃቸው የሚመኙት እውነት መናገርን፣ ቃል መጠበቅን፣ ሰው አለመናቅን ከሆነ ደግ አደረጉ። ወንድሟንም አብረው ያስቀምጡትና ሁለቱን ይምከሩ። እሷ ስታመሽ የት ነበርሽ ከተባለች፣ እሱም ይጠየቅ። ዋሽታ ከተቆጧት፣ ሲዋሽም ይቆጡት። ዩኒቨርሲቲውን ግን ትግባ፣ የመረጠችውንም ታጥና።