በቀብሩ ቀን ዝም ያልን ሰዎች

የባሕር ዳር ሰዎች፣ ወንድሞቼና እኅቶቼ፣ የምገሥጸው እናንተን ብቻ አይደለም፤ ጥፋቱ የእኔም ነው።

ባለፈው ዓመት ከፋብሪካ ሥራ ጡረታ የወጣ አንድ ጎረቤታችንን ቀበርን። የሕይወት ታሪኩ ሲነበብ የትውልድ ቦታው፣ የሥራ ዘመኑ፣ የልጆቹና የልጅ ልጆቹ ቁጥር ተነገረ፤ በወጣትነቱ በዚህች ከተማ ጎዳና ላይ በብስክሌት ስንቱን ከኋላው እንዳስከተለ ግን አንድ መስመር እንኳ አልተጻፈም ነበር። ጽሑፉን ያዘጋጁት ልጆቹ ስለማያውቁ አልፈርድባቸውም፤ የምፈርደው በመንገዱ ዳር ተኮልኩለን ስሙን እየጠራን ስናጨበጭብለት ኖረን በዚያ ቀን አፋችንን ይዘን በቆምነው በእኛ ላይ ነው።

ለውድድር ተብሎ የታጠረ ሜዳ አልነበረንም። የጀርመን ባለሙያዎች በ1950ዎቹ በነደፉት ፕላን የተዘረጋው፣ ዘንባባ የተተከለበት ሰፊና ቀጥ ያለ ጎዳና ራሱ መወዳደሪያችን ነበር፤ እሑድ ጠዋት ከቅዳሴ በኋላ መኪና ይታገድና ሕዝቡ ግራና ቀኝ ይሰለፋል። አብዛኞቹ የሚወዳደሩበት ሳይክል ሰኞ ወደ ሥራ የሚሄዱበት ያው ሳይክል ስለነበር፣ ቅዳሜ ማታ የጭቃ መከላከያውንና የኋላ መጫኛውን ይፈቱታል፣ ካቴናውን በላምባ ያጥቡታል፣ እሑድ ማታ ደግሞ ሁሉንም መልሰው ይገጥሙታል። ልምምዳቸው ወደ ጢስ ዓባይ በሚወስደው 30 ኪሎ ሜትር ያህል ኮረኮንች ላይ ነበር፤ ጉልበታቸውን የሚፈትኑት ግን የዓባይን ድልድይ ተሻግረው ወደ በዛዊት ኮረብታ ሲወጡ ነው። ያ ጎረቤታችን አንድ ጊዜ በመጨረሻው ዙር ካቴናው ተበጥሶበት፣ ሳይክሉን ትከሻው ላይ አድርጎ እየሮጠ ሲገባ ያየሁት ገና ልጅ ሳለሁ ነው፤ ማን እንዳሸነፈ ረስቼዋለሁ፣ በቅባት የጠቆሩትን እጆቹን ግን አልረሳሁም።

ብስክሌት ለአገራችን እንግዳ አይደለም። ኢትዮጵያ በ1949 ዓ.ም. በሜልቦርን ለመጀመሪያ ጊዜ በኦሊምፒክ ስትካፈል እነ ገረመው ደንቦባ በብስክሌት ተሰልፈዋል፤ በ2008 ዓ.ም. ደግሞ ጸጋቡ ግርማይ በቱር ደ ፍራንስ የተወዳደረ የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ ሆኗል። ይህን ዛሬ የምናውቀው የጻፈ ሰው ስለነበረ ነው፤ የእኛን ልጆች ማን ጻፈልን?

ውድድሩ ሲቀር ማናችንም ለምን ብለን አልጠየቅንም። ከዚያም አልፈን ሳይክል የሚሄድበትን የመንገድ ዳር መኪና ማቆሚያና ዕቃ መዘርጊያ አደረግነው፣ ባጃጁም ተሳፋሪ ለመጫን ብሎ በብስክሌተኛው ፊት ድንገት ሲታጠፍ እያየን ዝም አልን። በግንቦት 2016 ዓ.ም. የተመረቀው 380 ሜትር የሚረዝመው አዲሱ የዓባይ ድልድይ የብስክሌት መስመር አለው፤ መስመሩ ግን ብቻውን ምን ይሠራል፣ «ሳይክል የድሃ ነው» እያልን ልጆቻችንን የምናሳፍር እኛው ከሆንን? ይህ አነጋገር አባቶቻችንን በፋብሪካና በትምህርት ቤት ሰዓት ያደረሰውን፣ ሴቶቻችን በነጠላ አጊጠው ያለ ሐፍረት የነዱትን ነገር መናቅ ነው፤ እባካችሁ ዳግመኛ ከአፋችሁ አይውጣ።

ከእነዚያ ተወዳዳሪዎች መካከል በሕይወት ያሉ አሉ። አንዱ ጎሚስታ ሆኖ ይሠራል፤ ብዙዎቻችሁ ጎማችሁን አስነፍታችሁ፣ ሒሳብ ከፍላችሁ፣ ማን እንደሆነ ሳትጠይቁት ትሄዳላችሁ። ጠይቁት። ፎቶግራፍ ያላችሁ ከየሣጥናችሁ አውጡና ከጀርባው ላይ ስምና ዓመት ጻፉበት፤ የሚያስታውስ ሽማግሌ በቤቱ ያለው ወጣትም ደብተር ይዞ አጠገቡ ይቀመጥ።

የጎረቤታችን ባለቤት የደረት ቁጥሩን እስከ ዛሬ አጥፋ አስቀምጣዋለች። ሙት ዓመቱ በሚቀጥለው ወር ነው፤ በዚያ ጎዳና ቆማችሁ ያያችሁት ሁሉ መጥታችሁ ለልጆቹ ንገሯቸው፣ እኔም በቀብሩ ቀን ያልተናገርሁትን ያን ጊዜ እናገራለሁ።