ኮሚቴ ማብዛት የጋራ አመራር አይደለም

በቱሉ ዲምቱ አካባቢ ስላሉ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች በተነሳው ውይይት ብዙዎች «የጋራ አመራር ማለት ርዕሰ መምህሩ ሥራውን ለመምህራን ማከፋፈሉ ነው፤ ኮሚቴ የገባ መምህር ይተጋል» ብላችኋል። ሐሳቡ ቅን ነው፤ ግን መታረም አለበት። የሚጋራው ሥራው ብቻ ሳይሆን ውሳኔውም ነው። የክፍለ ጊዜ ድልድሉ ቢሮ ውስጥ አልቆ የትምህርት ክፍል ተጠሪው እንዲለጥፈው ብቻ ከተሰጠው፣ ያ መላላክ ነው።

ለማጣራት የመጨረሻዎቹን 3 ስብሰባዎች ቃለ ጉባኤ አንብቡ። ሁሉም «ርዕሰ መምህሩ ገለጹ፤ ቤቱም በሙሉ ድምፅ ተቀበለው» የሚል ከሆነ የተጋራው ፊርማው ነው። ከመምህር የመጣ ሐሳብ ዕቅዱን የቀየረበትን ቦታ ፈልጉ። በጀት ላይ ከተገኘማ እሰየው!

የሥራ ሥነ ልቦና ተመራማሪዎቹ ሜየርና አለን በ1991 እ.ኤ.አ. ሠራተኛ ለመሥሪያ ቤቱ ያለውን ቁርጠኝነት በ3 ከፍለውታል፦ ወድዶ መቆየት፣ መልቀቁ ስለሚያከስር መቆየት፣ ግዴታ ተሰምቶ መቆየት። ኮሚቴ መደራረብ የመጀመሪያውን አያመጣም። ሆምሩም፣ ክበብና ሁለት ኮሚቴ የተጫነበት መምህር 11 ሰዓት ላይ የታክሲ ሰልፍ ሲይዝ፣ የተወሰደበት የነገውን ትምህርት የሚያዘጋጅበት ሰዓት ነው። ስብሰባው ላይ «ተገኝቷል» ተብሎ ይመዘገባል፤ ልቡ ግን የዝውውር ማመልከቻው ላይ ነው።